አንድን ወሬ ከስልክ እስከ መናኸሪያ መከታተል፦ በሰሜን ሸዋ ስለተሳሳተ መረጃ ጥናት ለምትሠሩ

«የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ በእንዲህ ባለ ወረዳ ሕዝብ ላይ» የሚል ርዕስ ተይዞ፣ መጠይቅ ተበትኖ፣ «ሐሰተኛ መረጃ ያጋጥምዎታል?» ተብሎ ተጠይቆ፣ መልሱ በፐርሰንት የተደረደረበት የመመረቂያ ጽሑፍ በየዓመቱ ይጻፋል። እንዲህ ያለው ጥናት ሰው ስለ ሐሰተኛ መረጃ ምን እንደሚያስብ ይነግረናል፤ ስለ መረጃው ግን አንድም ነገር አይነግረንም። እዚህ የምናሳየው አሠራር ሌላ ነው። ጥቂት ወሬዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ መቼ እንደተወለደ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ የት ላይ መልኩን እንደቀየረ፣ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ጆሮ ድረስ እንዴት እንደደረሰ ይመዘገባል። ለማስተርስ ሥራ ከ20 እስከ 30 ወሬ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቡድን 10 ወሬ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ማረጋገጡ ላይ መቅለላችሁ አይቀርም።

ቃሉን ቀድማችሁ ቁረጡ

በዚህ አሠራር «ወሬ» ማለት ልክ ነው ወይም አይደለም ሊባል የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የጣርማ በር መንገድ ዛሬ ጠዋት ተዘግቷል» ወሬ ነው። «መንግሥት ለመንገዱ ደንታ የለውም» ወሬ አይደለም፤ አስተያየት ነው። «ልጥፍ» ደግሞ ወሬውን የተሸከመው ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ ነው። አንድ ልጥፍ ሦስት ወሬ ሊሸከም ይችላል፤ አንድ ወሬ በሁለት መቶ ልጥፍ ሊጓዝ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተበላሸ ነው።

የምርምሩ ዓለም ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ይለያል፦ ያለ ተንኮል የተሰራጨ ስህተት፣ ሆን ተብሎ የተፈበረከ ሐሰት፣ እውነት ሆኖ ለመጉዳት የተበተነ መረጃ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለው ቃል የሕግ ትርጉም አለው። ንግግሩ ሐሰት መሆን አለበት፤ ያሰራጨው ሰው ሐሰትነቱን ያወቀ ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረ መሆን አለበት፤ ሁከት፣ ረብሻ ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍተኛ መሆን አለበት። እናንተ በጽሑፋችሁ የአንድን ሰው ልጥፍ «ሐሰተኛ መረጃ» ስትሉት፣ ሳታስቡት ወንጀል ሠራ እያላችሁ ነው። ስለ ሰውየው ሐሳብ ማስረጃ ስለሌላችሁ «የተሳሳተ» ወይም «አሳሳች» በሉና እለፉ። የልብን የሚያሳይ ኮድ በሰንጠረዣችሁ ውስጥ አይኑር።

ፈቃዱ ጊዜ ይበላል፤ አስቀድሙት

የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ማመልከቻችሁን እስኪያይ ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ በዚያው ቀን አስገቡ። ኮሚቴው ሊጠይቃችሁ የሚችለው ሦስት ነገር ነው፦ የሰዎች ስም የት ይቀመጣል፣ ማን ይከፍተዋል፣ መቼ ይጠፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጥያቄው በወግ የሚጠየቅ ብቻ አይደለም። ለመስክ ሥራው የድጋፍ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ደብዳቤውን ካስገባችሁ በኋላ የቀበሌ ሰው አብሮ ልሂድ ቢላችሁ በትሕትና መንደሩን ብቻ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አጠገብ ቆሞ ከሰማ ያገኛችሁት ቃለ መጠይቅ የጠያቂና የመላሽ አይደለም፤ የስብሰባ ነው።

ያው 1185/2012 አዋጅ በአንቀጽ 6 ለትምህርታዊ ጥናትና ለሳይንሳዊ ምርምር የሚውልን ንግግር ከክልከላው ውጪ ያደርገዋል። ይህ ለጽሑፋችሁ እንጂ ለገጻችሁ አይደለም። የሰበሰባችሁትን ምስል «እዩት ምን እንደሚሉ» ብላችሁ በራሳችሁ ፌስቡክ ላይ ብትለጥፉት እናንተም ከአሰራጮቹ አንዱ ሆናችሁ።

የትኛው ሰሜን ሸዋ?

ሰሜን ሸዋ ሁለት ዞን ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፤ ሌላው በኦሮሚያ ክልል፣ ዋና ከተማው ፍቼ። «ሰሜን ሸዋ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ያመጣችሁትን ሁሉ ወደ አንድ ከረጢት ካስገባችሁ የሁለት ክልል ወሬ ቀላቅላችኋል። የፍቼ በኩሉን የምትጨምሩ ከሆነ ኦሮምኛ የሚያነብ ኮደር (ልጥፉን አንብቦ በዓይነት የሚመድብ ሰው) ያስፈልጋል፤ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአማርኛ ፍለጋችሁ አያገኘውም።

የቦታ ስም ፍለጋ ወጥመድ ይበዛበታል። «ዓለም ከተማ» ስትሉ መርሐ ቤቴ ሳይሆን ስለ ዓለም ከተሞች የተጻፈ ይመጣል። «ደብረ ሲና» ስትሉ ግማሹ ስለ ሙሴና ስለ ጽላቱ ነው። «ሮቢት» ብቻውን ቆቦ ሮቢትንም ይጎትታል። «አንኮበር» የታሪክ ገጾችን ያጎርፋል። አጣዬ ኤፌሶንም ይባላል፤ አንዱን ስም ብቻ የፈለገ ሌላውን ያጣል። ጣርማ በር ተገናኝቶም ተለያይቶም፣ በ«ጣ»ም በ«ታ»ም ይጻፋል። ደብረ ብርሃን «ደብረብርሀን»፣ «ደብረ ብርሐን»፣ «ደ/ብርሃን» ሆኖ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ዝርዝር አዘጋጁ፤ አንዱ የአጻጻፍ ዓይነቶች፣ ሌላው አብረው ከተገኙ ልጥፉን የሚያስወጡ ቃላት። ለደብረ ሲና «ሙሴ»፣ «ጽላት»፣ «እግዚአብሔር» አስወጪ ቃላት ናቸው። የሚወጣውን ግን ዝም ብላችሁ አትጣሉ፤ 50ውን አንብቡና ስንቱ በስህተት እንደወጣ መዝግቡ።

ሌላው መለየት ያለበት «ስለ ሰሜን ሸዋ» እና «ከሰሜን ሸዋ» ነው። ስለ ሸዋ ሮቢት በየሰዓቱ የሚጽፍ ቻናል ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ምንጭ «ቦታው የታወቀ»፣ «የተገመተ»፣ «ያልታወቀ» የሚል ሣጥን ይኑር። ብዙው ያልታወቀ ቢሆን አይግረማችሁ፤ እንደዚያው ይጻፍ።

ልጥፉን ሳይጠፋ መያዝ

የመጀመሪያው ሕግ፦ መጀመሪያ ያዙ፣ በኋላ ፍረዱ። የተሳሳተ ወሬ ለጥፎ የተነቃበት ሰው ልጥፉን ያጠፋል ወይም ያርማል። እናንተ «እውነት ይሆን?» እያላችሁ ስትወያዩ ማስረጃው ይሄዳል።

ቴሌግራም ለዚህ አካባቢ ጥናት ዋናው ነው፤ ለመያዝም ቀላሉ እሱ ነው። ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም የቻናሉን ታሪክ በጄሰን (ፕሮግራም በሚያነበው የመረጃ ፋይል) ቅርጽ ማውጣት ይቻላል። ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ በጄሰኑ ውስጥ የጽሑፉ ሣጥን አንዳንዴ ተራ ጽሑፍ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝርዝር ሆኖ ይመጣል፤ ደመቅ ያለ ቃል ወይም አገናኝ ያለበት ልጥፍ ይቆራረጣል። ይህን ያልተዘጋጀበት ፕሮግራም አገናኝ ያላቸውን ልጥፎች በሙሉ ባዶ አድርጎ ያነባል፤ ከውጭ የመጣው ወሬ ያለው ደግሞ በአብዛኛው እነሱ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የዕይታ ቁጥር ከፈለጋችሁ ቴሌቶን የተባለውን የፓይተን ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ይሻላል። በፍጥነት አትጠይቁት፤ «ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቁ» የሚል ስህተት ይመልሳል፣ አዲስ የተከፈተ አካውንት ከሆነ ጨርሶ ሊታገድ ይችላል። ለጥናቱ የተለየ ሲም ካርድ ያዙ። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ።

ቴሌቶን የሚሰጠው ሰዓት የዓለም አቀፉ ነው። በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ለማግኘት 3 ቀንሱ፦ 05:00 ቢል ጠዋት 2:00 ነው። ከኮምፒውተሩ ቴሌግራም የሚወጣው ግን የኮምፒውተሩን ሰዓት ይከተላል። ሁለቱን ምንጭ ሳያስተካክሉ ያጋጠሙ ሰዎች ተቀባዩ ከላኪው ሦስት ሰዓት ቀድሞ እንደለጠፈ ያገኛሉ። ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተለጠፈ በዓለም አቀፉ ሰዓት ማክሰኞ 22:00 ነው፤ ቀኑም ይሳሳታል። የመስከረም 1ን ነገር አትርሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ከነበረች በኋላ ግን በ12። ለምሳሌ የ2016 መስከረም 1 በ2023 የዋለው በ12 ነው።

የቴሌግራም ልጥፎች በተራ ቁጥር ይሰየማሉ። ከ1,200 እስከ 1,500 ያለውን ስታወጡ 301 መሆን ሲገባው 262 ካገኛችሁ 39 ጎድሏል። ሁሉም ተሰርዟል ማለት አይደለም፤ ልጥፍ ሲሰካ ወይም የቻናሉ ፎቶ ሲቀየርም ቁጥር ይበላል። ቢሆንም ይህ ክፍተት በአንድ ሳምንት ብቻ ቢያብጥ በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ተሰርዟል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዩቲዩብ በፕሮግራም በኩል (በኤፒአይ) ለሚላክ ጥያቄ በቀን 10,000 ነጥብ ይሰጣል። አንድ ፍለጋ 100 ነጥብ ይወስዳል፤ ኮሜንት ማውረድ ግን ለአንድ ገጽ 1 ነጥብ ነው፣ አንድ ገጽም እስከ 100 ኮሜንት ይይዛል። ስለዚህ ፍለጋውን በእጃችሁ ሠርታችሁ የቪዲዮዎቹን መለያ ሰብስቡ፤ ነጥቡን ለኮሜንት አስቀምጡት። ነጥቡ የሚታደሰው በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ እኩለ ሌሊት ነው፤ ለእኛ ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት መሆኑ ነው። ሌሊት ሙሉ ቆማችሁ አትጠብቁት።

ፌስቡክ ላይ ተመራማሪዎች የገጾችን ልጥፍ ይከታተሉበት የነበረው ክራውድታንግል በፈረንጆቹ ነሐሴ 2024 ተዘግቷል፤ የተተካበት የሜታ የይዘት ቤተ መጻሕፍት በማመልከቻ የሚገባበት ነው። ለተማሪ የሚያዋጣው 15 ወይም 20 ገጽ መርጦ በእጅ መመዝገብ ነው። ቲክቶክም የተመራማሪዎችን በር የከፈተው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ተቋማት ነው፤ ያው በእጅ።

በእጅ ስትይዙ ሰንጠረዡ 14 ዓምድ ይኑረው፦ የወሬ ቁጥር፣ የልጥፍ መለያ፣ አገናኝ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ጥሬ ጽሑፍ፣ የተስተካከለ ጽሑፍ፣ የይዘት ዓይነት፣ የተወሰደበት ቻናል፣ ዕይታ፣ ዕይታው የተነበበበት ሰዓት፣ የማኅደር አገናኝ፣ የፋይሉ አሻራ (ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚያሳየው ሃሽ)፣ ማስታወሻ። የማኅደር አገናኝ ማለት ልጥፉን ድረ ገጽ ቀድቶ ወደሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን አስገብታችሁ የምታገኙት ነው፤ ፌስቡክን ብዙ ጊዜ እንቢ ስለሚል የገጹ ሙሉ ስክሪንሾት አብሮት ይቀመጥ። ዕይታን በተወሰነ ዕድሜ አንብቡ፤ በ24 ሰዓት፣ በ72 ሰዓትና በ7 ቀን። የሦስት ቀን ልጥፍን ከሦስት ወር ልጥፍ ጋር ማወዳደር ጥጃን ከበሬ ጋር እንደ መጥመድ ነው። በቴሌግራም ደግሞ ልጥፉ ወደ ሌላ ቻናል ሲተላለፍ የታየው ዕይታ ከመነሻው ልጥፍ ቁጥር ጋር ይደመራልና የሁሉንም ቅጂዎች ዕይታ ብትደምሩ አንዱን ሰው ብዙ ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ።

ኤክሴልን ተጠንቀቁት። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነን ቁጥር መጨረሻውን ዜሮ ያደርገዋል፤ የፌስቡክ መለያ ደግሞ ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ያንን ዓምድ ከመክፈታችሁ በፊት «ጽሑፍ» በሉት። ሲኤስቪ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ካላስቀመጣችሁ የግእዙ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ ከዚያ ካስቀመጣችሁት ተመላሽ የለውም።

ፊደሉን ማስተካከል

አንዱ «ኃይል» ይላል፣ ሌላው «ሀይል»፣ ሦስተኛው «ሃይል»፣ አራተኛው «ሐይል»። ለኮምፒውተር እነዚህ አራት ቃል ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ወደ አንድ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ወደ አንድ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው ይመለሱ። ሁለት ጊዜ የተመታ «፡፡» ወደ «።» ይቀየር፤ አለዚያ ዓረፍተ ነገር መቁጠሪያው ይሳሳታል። «ኸ»ን ግን አትንኩት። መንዝና ወሎ በኩል «ከቤት» ለማለት «ኸቤት» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ያቺ ፊደል ጸሐፊው የአገሩ ሰው ስለመሆኑ ፍንጭ ትሰጣለች። ጥሬው ጽሑፍ ደግሞ በራሱ ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ።

አንድ ወሬ ከቻናል ቻናል ሲዞር ተመሳሳዩን ለማግኘት በቃል ሳይሆን በፊደል ቅንጥብ አወዳድሩ። «ተዘጋ»፣ «ተዘግቷል»፣ «መዘጋቱ» በቃል ሲታዩ ምንም አይገናኙም። አምስት አምስት ፊደል እየቆረጣችሁ ሁለት ልጥፍ ከጠቅላላው ግማሹን ከተጋሩ ለዓይን ምርመራ አቅርቡ። ቴሌግራም «ከእንዲህ ያለ ቻናል የተላለፈ» የሚለውን ምልክት የሚያሳየው በማስተላለፊያው ሲላክ ብቻ ነው፤ ገልብጦ የለጠፈውን የምታገኙት በዚህ ንጽጽር ነው። በብዛት የሚደረገውም መገልበጡ ነው።

ማረጋገጥ

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። የእናንተ መላ በ48 ሰዓት ውስጥ መጨመር አለበት። «የጣርማ በር መንገድ ተዘግቷል» የሚለው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እውነት ሆኖ በ10 ሰዓት ሐሰት ሊሆን ይችላል። ጭጋግ፣ የመኪና መገልበጥ ወይም የጸጥታ ችግር መንገዱን ለሦስት ሰዓት ሊዘጋው ይችላል፤ ልጥፉ ግን ሦስት ቀን ይዞራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወሬ «እውነት የነበረበት ጊዜ» የሚል መነሻና መድረሻ ሰዓት ይኑር። ከዚያ ጊዜ በኋላ የተለጠፈው «ጊዜው ያለፈበት» ይባላል እንጂ ፈጠራ አይደለም። ይህን ዓምድ የዘለለ ጥናት የዘገየ እውነትን ከፈጠራ ጋር ይቆጥራል።

ሁለት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ምንጮች ያስፈልጋሉ፤ ቢያንስ አንዱ በቦታው ያለ። ለመንገድ ወሬ ከመናኸሪያ ተራ አስከባሪና ከደሴ መስመር ሹፌር የተሻለ የለም፤ የትኛው መኪና ስንት ሰዓት እንደገባ ያውቃሉ። ለማዳበሪያ ወሬ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለክትባት ወሬ ጤና ኬላ። ሁለቱም ምንጮች መረጃውን ያገኙት ከአንድ ቻናል ከሆነ አንድ ምንጭ ናቸው፤ «ራስዎ አይተዋል ወይስ ሰምተው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መረጃ አጣሪዎቹ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያጣሩት ካለ ተመልከቱ፤ ዋና ትኩረታቸው አገር አቀፍ ስለሆነ የወረዳ ወሬ ብዙ ጊዜ ከእነሱ አታገኙም።

ለምስል ጉግል ሌንስንና ያንዴክስን ሁለቱንም ሞክሩ፤ አንዱ ያላገኘውን ሌላው ያገኛል። ቪዲዮ ከሆነ ኢንቪድ በተባለው የቪዲዮ ማጣሪያ መሣሪያ ቁልፍ ክፈፎቹን (ዋና ዋና ምስሎቹን) አውጡና እነሱን ፈልጉ። ካሜራው የጻፈውን ቀንና ቦታ ከፌስቡክ አትጠብቁ፤ ይሰርዘዋል። ቴሌግራም ላይ የሚተርፈው «ፋይል» ሆኖ ሲላክ ብቻ ነው።

የቀረው የአገር ዕውቀት ነው፤ በዚህ ረገድ ከውጭ ያለ አጣሪ አይደርስባችሁም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጋቢ የደረበ ሰው። ሸዋ ሮቢት ከዚያ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ማንጎና ሙዝ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ። «ዛሬ ደብረ ብርሃን» የሚል ቪዲዮ ውስጥ የማንጎ ዛፍ ከታየ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በቀድሞው የመኪና ሰሌዳ ላይ ያለው «አማ»፣ «ኦሮ»፣ «አአ» ጠቋሚ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ መኪና ይሄዳል። ጥላም ይናገራል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ በዚህ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። የኅዳር ነው የተባለ የቀትር ምስል ላይ ጥላው ወደ ደቡብ ከወደቀ ቀኑ ተሳስቷል።

ብያኔው አምስት ይሁን፦ ልክ፣ የተሳሳተ፣ አሳሳች፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ያልተረጋገጠ። የመጨረሻው ሣጥን ባዶ ሆኖ የቀረበ ጥናት ካያችሁ አጥኚው ገምቷል ማለት ነው።

ናሙናና ኮዲንግ

የናሙና መጠን የሚወስነው ያማኔ ቀመር በየመመረቂያ ጽሑፉ አለ፤ 5,000 ልጥፍ ካላችሁ በ5 በመቶ ስህተት 370 ውሰዱ ይላችኋል። ቀመሩ አይሳሳትም፤ ቦታው ግን ይህ አይደለም። የተሳሳተው ከመቶ 3 ቢሆን ከ370ው የምታገኙት 11 ልጥፍ ነው፤ በ11 ልጥፍ ምን ይተነተናል? የተሳሳተው ስንት ፐርሰንት ነው ለማለት ከሆነ ቀመሩን ተጠቀሙ። እንዴት ይጓዛል ለማለት ከሆነ ወሬዎቹን በዓላማ መርጣችሁ የእያንዳንዱን ልጥፍ ሁሉ ሰብስቡ፤ በጽሑፋችሁም ፐርሰንት አትጥሩ።

ኮደር ከሁለት አይነስ። ከመጀመራችሁ በፊት 50 ልጥፍ ለየብቻ ይሥሩ፣ ያልተስማሙበት ላይ ይነጋገሩ፣ መመሪያው ይታረም፤ እነዚያ 50ዎቹ ከመጨረሻው ውጤት ይውጡ። «90 በመቶ ተስማምተናል» ብላችሁ አትጻፉ። 200 ልጥፍ ቢኖር፣ ሁለቱም 30ውን የተሳሳተ፣ 150ውን አይደለም ቢሉ፣ በ20ው እኩል እኩል ቢለያዩ ስምምነቱ 0.90 ነው። እያንዳንዱ 40 ልጥፍ የተሳሳተ ስላለ በአጋጣሚ ብቻ የሚስማሙት 0.20 በ0.20 ሲደመር 0.80 በ0.80፣ ማለትም 0.68 ነው። ይህን የአጋጣሚ ስምምነት ቀንሶ የሚለካው የኮኸን ካፓ (0.90 − 0.68) ÷ (1 − 0.68) = 0.69 ይሆናል። ተመሳሳይ የስምምነት መለኪያ በሆነው በክሪፐንዶርፍ አልፋ የተለመደው ወሰን 0.80 ጥሩ፣ እስከ 0.667 በጥንቃቄ፣ ከዚያ በታች መመሪያውን እንደገና መጻፍ ነው።

ኮደሮች የሚጣሉበት ቦታ አንድ ነው፤ አሽሙር። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ በፌስቡክም ይቀኛል። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ መንገዱ አለቀላችሁ» የሚለው ኮሜንት ምርቃት ይሁን ሽሙጥ የሚታወቀው በላይኛው ልጥፍ ነው። ስለዚህ ኮሜንትን ነጥላችሁ ለኮደር አትስጡ፤ ልጥፉንና በፊቱ ያሉትን ሦስት ኮሜንቶች አብራችሁ ስጡ። ጥርጣሬ ካለ «አሽሙር ሊሆን የሚችል» የሚል ኮድ ይኑር፤ ማሽን ያወጣው የስሜት ትንተና እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

የኮሜንት ክርክር ስትለኩ መጀመሪያ ፌስቡኩን ከ«ተመራጭ ኮሜንቶች» ወደ «ሁሉም ኮሜንቶች» መልሱት፤ ካልሆነ የምታጠኑት የፌስቡክን ምርጫ ነው። ቀጥሎ 1,000 ኮሜንት 1,000 ሰው እንዳልሆነ አስታውሱ፤ ብዙ የጻፉት አሥር አካውንቶች ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደያዙ አስሉ። ይህ አንድ ቁጥር ስለ «የሕዝብ ክርክር» ከሃያ ገጽ ትንታኔ በላይ ሊናገር ይችላል።

ከስልክ ከወጣ በኋላ

ኢንተርኔት ሲጠፋ ወሬ አይጠፋም። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ስለ አካባቢው የተለጠፈው በአብዛኛው ከውጭ ሆኖ የተጻፈ ሊሆን እንደሚችል አስቡ፤ የልጥፍ ቁጥር መቀነሱን «ሰላም ሰፈነ» ብሎ ማንበብ ትልቅ ስህተት ነው። ለጥናቱ ጊዜ በየከተማው ኔትወርክ የነበረበትንና ያልነበረበትን ቀን የሚይዝ መዝገብ ያዙ፤ ግራፉ ላይ ያንን ጊዜ በግራጫ ቀለም ሸፍኑት።

ኔትወርክ በሌለበት ቪዲዮ በዜንደርና በሚሞሪ ካርድ ይሄዳል። ዘፈንና ድራማ የሚጭኑ ሞባይል ቤቶች ዋና መተላለፊያ ናቸው፤ ባለቤቱን ሲፈቅድ ብቻ፣ የደንበኛ ፋይል ሳትነኩ፣ «በዚህ ሳምንት ሰው የጠየቃችሁ ቪዲዮ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወዲያ ገበያው፣ ሰንበቴው፣ እድሩ፣ አረቄ ቤቱ አለ።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ሐሰተኛ መረጃ አጋርተዋል?» ብሎ መጠየቅ «ዋሽተዋል?» እንደ ማለት ነው። «ሰሞኑን ሰምተው ኋላ ልክ ሆኖ ያላገኙት ወሬ አለ?» ሲባል ሰው ይከፈታል። ትልልቆቹን «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብላችሁ በ«እርስዎ»፣ ገጠር ከሆነ በ«አንቱ» አናግሩ። ሴቶችን ለማግኘት ቡና የሚፈላበትን ሰዓት ጠብቁ፤ ገበያ ላይ ቆሞ የሚያወራችሁ በአብዛኛው ወንድ ሊሆን ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ቀጠሮ አይያዝም።

ለእያንዳንዱ መላሽ አምስት ወሬ በካርድ አንብቡ፤ አራቱ በእውነት የዞሩ፣ አንዱ እናንተ የፈጠራችሁት ይሁን። «ሰምቻለሁ» የሚል ሁሉ እንዳልሰማ የምታውቁት በአምስተኛው ነው፤ ለአምስተኛው «ሰምቻለሁ» ያለውን ድርሻ ከሌሎቹ ላይ ቀንሳችሁ አንብቡ። የተፈጠረው ወሬ ማንንም የማያስቆጣ፣ ማንንም ከቤቱ የማያስወጣ መሆን አለበት፤ ስለ ጸጥታ፣ ስለ እርዳታ፣ ስለ ዋጋ ፈጽሞ አይሁን። ቃለ መጠይቁ ሳያልቅ «ይህችኛዋ የእኛ ፈጠራ ናት» ተብሎ ይነገራል፤ መነገሩም በቅጹ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ደብረ ብርሃን ከተጠለሉ ተፈናቃዮች ጋር ይህን ካርድ አትጠቀሙ፤ ለእነሱ ወሬ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

ስትጽፉት

የሰው ኮሜንት ቃል በቃል አትጥቀሱ። አሥር ቃል ገልብጦ የፈለገ ሰው ጸሐፊውን ያገኘዋል። ሐሳቡን በራሳችሁ አማርኛ መልሳችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ራሳችሁ ፈልጋችሁ እንደማይገኝ አረጋግጡ። «መሀል ሜዳ ያለች የፊዚክስ መምህርት» ማለትም ስም መጥራት ነው፤ «አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ» ይበቃል። ስምና ኮድ የሚያገናኘው ፋይል በቬራክሪፕት ተቆልፎ ከዋናው ሰንጠረዥ በተለየ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ፤ ውጤታችሁ ጸድቆ የእርማት ጊዜው ሲያልፍ፣ ለኮሚቴው በጻፋችሁት ቀን፣ ሁለት ሰው ባለበት ይሰረዝ። የኮዲንግ መመሪያው፣ የቦታ ስም ዝርዝሩና የኔትወርክ መዝገቡ ግን በአባሪ ይግቡ፤ ቀጣዩ ተማሪ ከባዶ መጀመር የለበትም።